በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጊልድ ማግኘትና በቡድን መጫወት፦ ከሰዓት ስሌት እስከ መጀመሪያው የሬይድ ምሽት

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ ነው፣ ጊልድም በውስጡ ያለ የተጫዋቾች ቋሚ ማኅበር ነው። ጊልድ ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎበዙ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «በስንት ሰዓት ይጫወታሉ?» የሚለው ነው። ችሎታ በልምምድ ይመጣል፣ ዕቃም (የካራክተራችሁ፣ ማለትም የምትጫወቱት ገጸ ባሕርይ፣ ልብስና መሣሪያ) በሳምንታት ውስጥ ይሰበሰባል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚጀምር ሬይድ (ብዙ ሰው አንድ ላይ ትላልቅ ጠላቶችን የሚገጥምበት ዘመቻ) ግን ጠዋት ሥራ የሚገባን ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያባርረዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሰዓት ነው የሚነሣው። የተጻፈው ተጫዋቾች «ሪቴይል» ለሚሉት ለዋናው ጨዋታ ነው፤ «ክላሲክ» የሚባሉት ቅጂዎች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው እዚህ ያለው ሁሉ ለእነሱ አይሠራም።

1. ከሁሉ በፊት ቀጠና

ጨዋታው በቀጠና የተከፈለ ነው። አውሮፓ ቀጠና ላይ ያለ ካራክተርና አሜሪካ ቀጠና ላይ ያለ ካራክተር በምንም መንገድ አይገናኙም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወርም አይቻልም። ወርኃዊ ክፍያውም ለየቀጠናው ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋሽንግተን ካለ የአጎቱ ልጅ ጋር ልጫወት ካለ፣ ሁለቱ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት በአንድ ቀጠና መስማማት አለባቸው። ይህን ሳይነጋገሩ ሁለቱም ከፍለው፣ ሁለቱም ካራክተራቸውን አሳድገው ከጨረሱ በኋላ መገናኘት እንደማይችሉ የሚያውቁ ጥቂት አይደሉም።

ከኢትዮጵያ፣ ከእስራኤል፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ ለሚጫወት የሚሻለው የአውሮፓ ቀጠና ነው። ርቀቱ ያጥራል፣ ሰዓቱም ይቀርባል። ቀጠናው የሚመረጠው ባትል ኔት በሚባለው የጨዋታው ማስጀመሪያ ፕሮግራም ላይ፣ «ተጫወት» ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ካለው ዝርዝር ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የክፍያ ኮድ ገዝቶ የሚልክላችሁ ከሆነ ኮዱ የተገዛበት አገርና የገንዘብ ዓይነት ከአካውንታችሁ ጋር መግጠሙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። በዶላር የተገዛ ኮድ በዩሮ አካውንት ላይ አይገባም።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ኢንተርኔታችሁን ፈትኑ። እስከ ሌቭል 20 በነፃ መጫወት ይቻላል፤ በነፃው አካውንት ጊልድ መግባት ባይቻልም ፒንግ (መልእክታችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ለመለካት ከበቂ በላይ ነው። የጨዋታውን ዋና ሜኑ ምልክት ላይ መዳፊቱን ስታሳርፉ የፒንጉ ቁጥር በሚሊሰከንድ ይታያል። የሚለካው በምትጫወቱበት ሰዓት ነው፤ ረፋድ ላይ 130 የነበረው ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ በሚያይበት ምሽት 300 ሊገባ ይችላል። እስከ 150 ድረስ ማንኛውንም ነገር መጫወት ይቻላል። እስከ 250 ጥቂት ቢያስቸግርም ይኬዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ የጠላትን አስማት በሰከንድ ክፍልፋይ ማቋረጥ የሚጠይቅ ሥራ አትቀበሉ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፦ ሁልጊዜ 220 የሆነ መስመር እጅ ይለምደዋል፣ ከ120 ወደ 600 እየዘለለ የሚመለስ መስመር ግን አይለመድም።

2. ሰዓቱን በትክክል አስሉ

ጊልዶች ፕሮግራማቸውን የሚጽፉት በሰርቨር ሰዓት ነው። በአውሮፓ ቀጠና ይህ የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ሲሆን፣ የብዙዎቹ ሬይድ ከ20:00 እስከ 23:00 ባለው ውስጥ ይውላል። ለእኛ ሁለት ወጥመድ አለበት።

የመጀመሪያው የክረምትና የበጋ ሰዓት ለውጣቸው ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እሑድ እስከ መጋቢት መጨረሻ እሑድ (በእነሱ አቆጣጠር) አዲስ አበባ በ2 ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል በ1 ሰዓት ብቻ። ሁለተኛው የራሳችን አቆጣጠር ነው። 20:00 ሲሉ በክረምታቸው አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ሬይዱም የሚያልቀው ሌሊት 7 ሰዓት። በበጋቸው ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ ሌሊት 6 ሰዓት ያልቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ሌሊት 7 ሰዓት መተኛት የማይሆንላችሁ ከሆነ 19:00 ላይ የሚጀምር ጊልድ ፈልጉ። አሉ።

ሪያድና ኩዌት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ትጨምራለች። እስራኤል ከመካከለኛው አውሮፓ በ1 ሰዓት ብቻ ስለምትቀድም ለሬይድ እጅግ ትመቻለች። ዋሽንግተን ያለ ሰው የአውሮፓን 20:00 የሚያገኘው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነውና ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር አይሆንለትም። በተቃራኒው የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ 20:00 ሲል አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ዘመዳሞች በሁለቱ አህጉር ሆነው አብረው መጫወት ካለባቸው ብቸኛው ጤናማ ሰዓት የአሜሪካው ቅዳሜ ወይም እሑድ ቀትር ነው።

ጨዋታው ውስጥ ከትንሿ ካርታ አጠገብ ያለውን ሰዓት ተጭናችሁ በአካባቢ ሰዓት ወይም በሰርቨር ሰዓት እንዲያሳይ ማድረግ ትችላላችሁ። በሰርቨር ሰዓት ይሁን። የጊልዱ ቀን መቁጠሪያ የሚናገረው በዚያ ስለሆነ በየጊዜው ከመደመርና ከመቀነስ ያድናል። ለአበሻ ጓደኛ በቴሌግራም ስትቀጥሩ ግን «በ2 ሰዓት» ብላችሁ አትለፉ፤ በክረምታቸው ለምሳሌ «ከምሽቱ 2፣ በሰርቨር 18:00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

3. ሚና

ሦስት ሚና አለ፦ ታንክ የጠላትን ቁጣ ወደ ራሱ ስቦ ይይዛል፣ ሂለር ያድናል፣ ዲፒኤስ ይገድላል። ዳንጅን (በትንሽ ቡድን የሚገባበት የጠላት ምሽግ) በ5 ሰው ነው፦ 1 ታንክ፣ 1 ሂለር፣ 3 ዲፒኤስ። ሬይድ በኖርማልና በሂሮይክ ደረጃ ከ10 እስከ 30 ሰው ይቀበላል፤ ከሁሉ የሚከብደው ሚቲክ ግን ልክ 20 ነው። ለ20 ሰው የተለመደው 2 ታንክ፣ 4 ሂለርና 14 ዲፒኤስ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ይወጣል። ዳንጅን ላይ ከ5 ሰው አንዱ ታንክ ስለሆነ ታንክ ወረፋ አይጠብቅም። ሬይድ ላይ ግን ከ20 ሰው ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እነዚያም ሁለት ወንበሮች ብዙውን ጊዜ ለዓመታት በተቀመጡ ሰዎች ተይዘዋል። «ታንክ ሁልጊዜ ይፈለጋል» የሚለው ምክር ለዳንጅን እንጂ ለሬይድ ጊልድ አይሠራም። ለሬይድ ቶሎ በር የሚከፍተው ሂለር ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ዲፒኤስ ሁኑ፤ ከ14ቱ አንዱ በድንገት ቢጠፋ ቡድኑ ይቋቋማል፣ ታንኩ ቢጠፋ ግን በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ያልቃል።

4. ጊልድ ሳይኖር መለማመድ

የእንግሊዝኛውን አይ ፊደል ስትጫኑ የቡድን መፈለጊያው ይከፈታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል።

መጀመሪያ «ፎሎወር ዳንጅን»። አራቱን ጓዶች ኮምፒውተሩ ይጫወታቸዋል፤ ቢሳሳቱ የሚቆጣ የለም፣ ቆማችሁ የቁልፎቻችሁን ጥቅም ብታነቡም ማንም አይቸኩልም። ታንክና ሂለር ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ቀጥሎ «ዴልቭ»፣ ለብቻም እስከ 5 ሆኖም የሚገባበት። ከዚያ ኖርማልና ሂሮይክ ዳንጅን በወረፋ፤ ዲፒኤስ ከሆናችሁ ወረፋው ይረዝማልና እየጠበቃችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ። ከዚያ ኤልኤፍአር የሚባለው ቀላሉ ሬይድ፣ 25 የማይተዋወቁ ሰዎች የሚሰበሰቡበት። እዚህ ላይ የቦሶቹን (የሬይዱን ዋና ዋና ጠላቶች) መልክ ታያላችሁ እንጂ ሬይድ ምን እንደሆነ አትማሩም፤ ስሕተት የማይቀጣበት ስለሆነ መጥፎ ልማድ ያስይዛል።

ወደ ሚቲክ ፕላስ (በተመደበ ደቂቃ ውስጥ የሚጨረስ፣ ደረጃው እየከበደ የሚሄድ ዳንጅን) ስትደርሱ ወረፋ የለም። የቡድኑ መሪ አመልካቾችን አይቶ ይመርጣል፣ የሚያየውም የዕቃችሁን ደረጃ፣ ሚናችሁንና የሚቲክ ፕላስ ነጥባችሁን ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 5 ቡድን ማመልከት ይቻላል። ዲፒኤስ ሆናችሁ ነጥባችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ሃያ ጊዜ ብትባረሩ አትደነቁ፤ መሪው 30 ማመልከቻ ተደርድሮለት ከፍተኛውን ቁጥር መጫን ቀላል ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ የራሳችሁን ኪስቶን (የሚቲክ ፕላስ ዳንጅን መክፈቻ ቁልፍ) ይዛችሁ ቡድኑን ራሳችሁ አቋቁሙ። ያኔ መራጭ እናንተ ናችሁ። በተመደበው ደቂቃ ካልጨረሳችሁ ኪስቶኑ በአንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ኪሳራው ያ ብቻ ነው።

በሳምንት ምን ያህል ይበቃል? «ግሬት ቮልት» የሚባለው ሳምንታዊ ሣጥን በዳንጅን በኩል 1፣ 4 እና 8 ስትጨርሱ፣ በሬይድ በኩል 2፣ 4 እና 6 ቦስ ስትገድሉ አንድ አንድ ምርጫ ይጨምራል። ከሚቀርቡላችሁ ዕቃዎች የምትወስዱት ግን አንዱን ብቻ ነው። ሥራ ላለው ሰው በሳምንት 4 ዳንጅን ጥሩ ልክ ነው። 8ቱን ካልጨረስኩ ብሎ ሌሊቱን ማንጋት በወር ውስጥ ከጨዋታው የሚያስወጣ ልማድ ነው።

5. ፍለጋው

የጄ ፊደል የጊልድና የማኅበረሰብ መስኮቱን ይከፍታል። ጊልድ ከሌላችሁ «ጊልድ ፋይንደር» የሚለውን ተጫኑ፤ የምትፈልጉትን ጨዋታ ዓይነት፣ የጊልዱን ስፋትና ሚናችሁን ምረጡ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ማስታወቂያው ላይ ሦስት ነገር የጻፈውን ብቻ ያዙ፦ የሬይድ ቀንና ሰዓት፣ በአሁኑ ሬይድ ስንት ቦስ እንደገደሉ፣ የሚፈልጉት ሚና። «ወዳጃዊ ነን፣ ሁሉም ይምጣ» ብቻ የሚል ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ 900 ስም ተመዝግቦበት ምሽት ላይ 4 ሰው የሚገኝበት ጊልድ ነው። መንገድ ላይ ሳታስቡት ግብዣ የሚልክ ጊልድም እንደዚያው፤ ጊልድ እስከ 1000 አባል ስለሚይዝ ቁጥር ለመሙላት ብቻ የሚጠሩ አሉ።

ዝርዝሩን ካወጣችሁ በኋላ «ሬይደር አይኦ» በሚባለው ድረ ገጽ የጊልዱን ስም ፈልጉ፤ የቦሶቹን ታሪክ ከነቀኑ ያሳያል። «ዋርክራፍት ሎግስ» ደግሞ የሬይድ ምሽቶቻቸውን ይዘረዝራል። የምትመለከቱት ጉብዝናቸውን ሳይሆን ቀኑን ነው፦ ረቡዕና እሑድ እንጫወታለን ያሉት ባለፉት 6 ሳምንታት በእርግጥ ረቡዕና እሑድ ገብተዋል? ሁለት ሳምንት ከዘለሉ ሊፈርሱ ተቃርበዋል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ሰው ነው፣ ስሙ ግን ለወራት ተሰቅሎ ይቆያል።

ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ግን ማስታወቂያ የሌለው ነው። ዳንጅን ላይ አንድ ሰው ሲሳሳት ቡድኑ ያልተሳደበበት ምሽት ካጋጠማችሁ፣ ከመለያየታችሁ በፊት «ጊልዳችሁ ሰው ይቀበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠባያቸውን በክፉ ቀን አይታችኋል፤ ማስታወቂያ ይህን አያሳይም።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ካራክተራችሁና ሚናችሁ፣ የዕቃ ደረጃችሁ፣ የምትችሉት ቀንና ሰዓት በሰርቨር አቆጣጠር፣ ከዚህ በፊት የሠራችሁት፣ ከየት እንደምትጫወቱና ፒንጋችሁ። «ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ፒንጌ 180 ነው፣ በወር አንድ ሁለቴ መብራት ሊጠፋብኝ ይችላል» ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ሲጠፋ ይታዘኑለታል። የደበቀው ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ይባረራል።

እናንተም ጠይቁ። ዕቃ እንዴት ይከፋፈላል፣ በዕጣ ነው ወይስ መሪዎቹ ይመድባሉ? የሙከራ ጊዜው ስንት ሳምንት ነው፣ በዚያ ጊዜስ ዕቃ ይደርሰኛል? ከ20 በላይ ሰው ሲመጣ ማን ውጭ ይቀመጣል፣ በተራ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ከተንተባተቡ ውጭ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ዕድር ውስጥ መተዳደሪያ ደንቡን ሳያነብ የሚፈርም የለም፣ ጊልድም ከዚያ አይለይም።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ የይለፍ ቃል፣ የማረጋገጫ ኮድ ወይም እውነተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ጊልድ የለም። ጊልዶች በድምፅ በሚነጋገሩበት በዲስኮርድ መተግበሪያ ላይ «አባል መሆንህን ለማረጋገጥ» በስልካችሁ ኪውአር ኮድ አንሡ ካሏችሁ አታንሡ፤ አካውንታችሁን የሚወስዱበት የታወቀ ዘዴ ነው።

6. የመጀመሪያው የሬይድ ምሽት

ረቡዕ የአውሮፓ ቀጠና ሳምንታዊ ጥገና ቀን ነው፤ ማሻሻያ የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ማስጀመሪያውን ረቡዕ ጠዋት ክፈቱ እንጂ ሬይዱ ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው አትክፈቱ። መጫወቱ ራሱ የሚበላው ዳታ ጥቂት ስለሆነ የቤቱ መስመር ቢቋረጥ በሞባይል ዳታ መጨረስ ይቻላል፤ የሚከብደው ማውረዱ ነው።

ለ3 ሰዓት ሬይድ የሚያዘው ይህ ነው። ፍላስክ (ጉልበት የሚጨምር መጠጥ) አንዱ 1 ሰዓት ይቆያል፣ ብትሞቱም አይጠፋም፤ 3 ይበቃል፣ 4 ያዙ። ተራ ምግብ ስትሞቱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቢያንስ 10። የጦርነት ፖሽን (በውጊያ መሐል ለአጭር ጊዜ የሚያበረታ መጠጥ) 15 አካባቢ። ጥገና ደግሞ አትርሱ፦ በሞታችሁ ቁጥር የለበሳችሁት ዕቃ ጥንካሬ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ በአሥረኛው ሞት ራቁታችሁን እንደቆማችሁ ቁጠሩት። አዲስ ቦስ ላይ በአንድ ምሽት 20 ጊዜ ማለቅ የተለመደ ነው።

ከ15 ደቂቃ በፊት ግቡ። ዲስኮርድ ላይ ማይክ ባይኖራችሁም ችግር የለም፣ ማዳመጥ ግን ግዴታ ነው። መናገሪያው ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ የሚሠራ ይሁን፤ ጄኔሬተርና የጎረቤት ውሻ ለ20 ሰው ማሰማት አያስፈልግም። መሪው የዝግጁነት ጥያቄ ሲልክ ካልተዘጋጃችሁ «አይደለሁም» በሉ። ሁሉም ሰው የሚናደደው «ዝግጁ» ብሎ እራቱን እየበላ በተገኘ ሰው ላይ ነው።

አዲስ ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳታቸው አራት ናቸው። ታንኩ ሳይጀምር መምታት፤ ጠላቱ ወደ እናንተ ይዞራል፣ ከአንድ ምት በላይ አትቆሙም። ከሞቱ በኋላ ወዲያው «ነፍስን ልቀቅ» የሚለውን መጫን፤ በጦርነት መሐል የሚያስነሣ አስማት አለና መሪው ሳይናገር አትጫኑ። ብለድላስት ወይም ሂሮይዝም የሚባለውን ፍጥነት ያለ ትዕዛዝ መልቀቅ፤ 40 ሰከንድ ብቻ ይሠራል፣ ቀጥሎ ለ10 ደቂቃ ማንም ሊደግመው አይችልም። አራተኛው የጉዳት ሠንጠረዥን እያዩ እሳት ውስጥ መቆም ነው። የሞተ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ዜሮ ነው፣ መሪውም መጀመሪያ የሚያየው ማን ቀድሞ እንደሞተ ነው።

ስትሳሳቱ «የኔ ነው» ብላችሁ አንዴ ተናገሩና ዝም በሉ። ረጅም ማብራሪያ የሁሉንም ጊዜ ይበላል። እናንተም በዚህ ጊዜ ጊልዱን መዝኑት፦ ስምንተኛው ሽንፈት ላይ መሪው «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ወደ ግራ እንሂድ» ካለ ቆዩ። «ማን ነው ያበላሸው?» እያለ ስም የሚጠራ ከሆነ የሙከራው ጊዜ ለሁለታችሁም እንደሆነ አስታውሱ። ስትወጡ ለመሪው ሁለት መስመር ጽፋችሁ ውጡ፤ በሬይድ ዋዜማ ግን አትውጡ። የአንድ ቋንቋ ሰርቨር ሰዎች ይተዋወቃሉ።

የወደቀላችሁ ዕቃ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ በ2 ሰዓት ውስጥ እዚያው አብሯችሁ ለነበረ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል። ይህን በራሱ ተነሣሽነት የሚያደርግ አዲስ ሰው ሙከራው ቶሎ ያልቃል።

7. የራሳችሁን ማቋቋም

አራት አምስት አበሾች ከተሰባሰባችሁ የራሳችሁን ጊልድ መመሥረት ርካሽ ነው፦ ከዋና ከተማው የጊልድ ሹም የምሥረታ ወረቀት በ10 ሲልቨር ገዝታችሁ የ4 ሰው ፊርማ ታስፈርማላችሁ። ከ2023 (በፈረንጆች) ወዲህ የጨዋታው ሁለት ተቃራኒ ወገኖች የሆኑት የሆርድና የአልያንስ ካራክተሮች በአንድ ጊልድ መሆን ስለሚችሉ ወገን አያጣላም። ለሬይድ ግን ቢያንስ 10 ሰው ያስፈልጋል፣ 10 ሰው በቋሚነት እንዲገኝ ደግሞ 14 ወይም 15 መመዝገብ አለበት። ያን ያህል እስኪሞላ በጨዋታው ውስጥ «ኮሚዩኒቲ» የሚባለውን ብትከፍቱ ይሻላል። እያንዳንዱ የሚሬይድበትን ጊልድ ሳይለቅ በዚያ ይሰባሰባል፣ ቅዳሜ ማታም አምስት ሆኖ ዳንጅን ይወርዳል።

ጊልድ ካቋቋማችሁ የባንኩን የማውጣት መብት ከመጀመሪያው ቀን በማዕረግ ወስኑት። ለአዲስ አባል ማስገባት ብቻ፣ ለነባሩ በቀን ጥቂት ዕቃ፣ ሙሉ መብት ለሁለት ሰው። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው ለፈተና ወይም ለጾም ጨዋታ ሲያቆም ፍላስኩ ሁሉ ከውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።